ሃያ አምስት ሚሊ

መኪናዬ ትንሽ ናት፤ ሦስት በር፣ ቀይ፣ ኋላዋ የተቆረጠ፣
ሞተሯ ከገላዋ ቀድሞ የፈረጠጠ።
ከላንደቨሪ ወጥቶ ጥቁሩን ተራራ በሚዞረው መንገድ፣
በግ አስፋልት ላይ በሚያመነዥክበት፣ ጉም እንደ ልቡ በሚመጣ፣ በሚሄድ፣
ኩርባ ሲገጥማት ትከሻዋን ጥላ ታዘነብላለች፤
ግራ ስላት፣ ጥቂት አስባበት እሺ ትላለች።

ስምንት ወር ሙሉ፣ በወተት ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ፣
እጄ አይብ እየሸተተ፣ ገንዘቡ እስኪበቃ።

ግዊሊም የመለዋወጫ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦
«ይሄ ሞላ ብቻ ነው። ርካሽ። አንዴ ዝቅ፣ ለዘላለም ዝቅ።
አሮጌው አሞርዛተር አይችለውም፤ ዓመት ሳይሞላው ዘይቱ ፍልቅ።
ይሄኛው ቁመቱ ይለወጣል፤ ግን ክረምት መንገዱ ጨው ሲለብስ
ክሩን ዝገት ይይዘዋል፤ ቀለበቱ አይዞርም፣ በመዶሻም ቢወቀስ።
ይሄ ግን…» ብሎ ዝም አለ። ሣጥኑን በሁለት እጁ ከፈተ።
«ቁመቱን በቀለበቱ፣ ጥንካሬውን በዚች ቁልፍ፣ ሠላሳ ጠቅታ።»
ዋጋውን ሲነግረኝ፣ የመኪናዬን እኩሌታ።
ገዛሁት።

ኢድሪስ አባቴ ነው። አርባ ዓመት የኖራ ድንጋይ ያመላለሰ፣
አንድ ዳሌው ብረት፣ ጉልበቱ የፈረሰ።
ክሪክ ላይ ስሰቅላት ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፤
ዳዶ እየተቀበለኝ፣ በመዳፉ እየመዘነ፣ እየመረጠ።
የወለቀውን አሞርዛተር ገፋው፤ ሰመጠ፣ አልተመለሰም።
«እንደኔ» አለ። ሳቅን። ስለ ሕመሙ ከዚህ በላይ አይናገርም።

ቀለበቱን አዞርኩ፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤
አባቴ ሳል አለ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ፣ አርባ፤
ጎማው ተሰብስቦ ከፓራፋንጎው ሥር ገባ።
አቤት ውበት! አይጥ እንዳየ ድመት ደረቷ ለጥ ሲል፣
ጎኗ የቆመ መኪና ሁሉ ግመል መሰል።

ቅዳሜ ካርማርተን፣ ዳሌውን ወደሚያዩለት ሐኪም ወሰድኩት።
የከብት ፍርግርጉን ስንሻገር ሆዷ ገጨ፤
መንገዱ በወንበሩ አልፎ የአባቴን አጥንት ፈጨ።
አልተናገረም። መስኮት መስኮቱን አየ።
ስንደርስ በሩን ከፈትኩለት።
አንድ እግር አወጣ። ጣሪያውን ያዘ። ለቀቀ። እንደገና ያዘ።
መሬቱ ቅርብ ነው፤ መነሣቱ ነው የራቀ።
«ዝናቡ ያባራ እንደሆን ብዬ ነው» አለ፣
ሰማዩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነበር።
እጄን ዘረጋሁ። አርባ ዓመት መሪ የጨበጠው እጅ
እጄ ውስጥ ቀለለ፣ እንደ ባዶ ጓንት።

ማታ እሱ ሲተኛ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ መሬት ተጋደምኩ፤
አሥራ አምስት ሚሊ ወደ ላይ መለስኩ።
ጠቅታውንም አላላሁ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣
እንደ ሸሚዝ አንገት፣ ለትንፋሽ የሚበቃት።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ብቻዬን ተራራውን ወጣሁ።
ለእሱ ብዬ ያጣሁትን ልለካ ነበር፤ አላጣሁ።
በአርባ ስትዘል የነበረች፣ በሃያ አምስት መሬቱን ቆነጠጠች፤
ግራ ስላት፣ ቃሉን ሳልጨርስ፣ ግራ ገባች።
ጉድጓዱን ዋጠችው። መሪው በመዳፌ
የአስፋልቱን ሻካራ፣ እርጥቡን፣ ደረቁን፣ ለየብቻው ነገረኝ።
መንገድ ዳር የተኛው በግ ቀና ብሎ አየና
ማመንዠኩን ቀጠለ።

ሰኞ አባቴ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ አለ፤
በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቶቹን ሰደደ። ሁለት ጣት።
«ከፍ ብላለች» አለኝ።
«ጎማው ይፍቅ ነበር» አልኩት።
«ይፍቃል» አለ፤ ፊቱን አላዞረም፤
ተቀመጠ፣ እግሩን ራሱ አስገባ፣
በሩን ራሱ ዘጋ፣
መስኮቱን ዝቅ አደረገ።